የመረቡ ዐይን

ሙሺያ ወደብ ላይ፣ ጨው ድንጋይ በሚበላበት፣
ነፋስ ከሰው ቀድሞ ደጅ በሚከፍትበት፣
ሳቤላ እባላለሁ፤ መረብ ጠጋኝ ነኝ።
አንድ ዓረፍተ ነገር። እዚህ ለመድረስ ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ድሮማ «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ
ወንበር ስቦ ነበር የሚያዳምጠኝ።
ጠዋት መረብ፣ ቀትር ላይ ሱቅ፦ የዛጎል ጉትቻ፣
ቱሪስት ሁሉን ነካክቶ የሚገዛው ማግኔት ብቻ፤
ማታ የማኅበሩ ሒሳብ፣ አንድ ቆርቆሮ ደረሰኝ፤
ቅዳሜ እግረኛ ተሳላሚ አልጋ ፈልጎ ሲያንኳኳብኝ፣
እሑድ አንሶላ አስጥቼ ሳልጨርስ ዝናብ እኔኑ ሲያጥበኝ።
በዚህ ሁሉ መሃል ስልኬ፣ እንደ ጥርስ ሕመም፣
ሲጮህ ያመኛል፤ ዝም ሲል ደግሞ አላምነውም።

«ሁለት ባላ ትከል» ይላል ብሂሉ፣ «አንዱ ቢነቀል
በአንዱ ተንጠልጠል።»
እኔ አምስት ተክዬ
በአምስቱም ላይ ተሰጣሁ፣ እንደዚያው አንሶላ፣ ተከፋፍዬ።

አንድ የኅዳር ንጋት ኤላዲዮ ከባሕር መጣ፣
ጫማው እንደ ረጠበ፣ ፊቱ ላይ ጨው እንደ ወጣ።
አልጮኸም። አልተሳደበም።
ከሱቄ ባንኮኒ ላይ፣ ከማግኔቶቹ መካከል፣
አንድ ቁራጭ ገመድ አኖረ።
የላላ ቋጠሮ።
የኔ ነው። ያን ቀን ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ
ስለ አልጋ ዋጋ ስከራከር የቋጠርሁት።

ሌሊቱን መረቡ ተተርትሮ ዓሣው ሁሉ ሄደ።
ሰው አልሞተም። የልጁ የሮኬ ሁለት ጣት ግን
ከሚሮጠው ገመድ ጋር አብሮ ሄደ።
ኤላዲዮ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦
«እጅሽን አውቀዋለሁ።
ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አታሳምሩልኝ።
በአንድ ቀን አልተውሁም፤ በአንድ ቀን የሚተው የለም።
ሱቁን በጥር ዘጋሁ፣ ማግኔቱን ለትምህርት ቤት ሰጠሁ፣
ሒሳቡን ለፊና፣ ከኔ ይልቅ ቁጥር ለሚወድዳት፤
አልጋዎቹን ለመሸጥ ሁለት ወር አቅማማሁ።
ልጄ ኢሪያ አኮረፈች፦ «እማ፣ በዚህ ዘመን
ሰው ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል?»
ገንዘቡ አነሰ። እውነት ነው፣ አነሰ።
መጋቢት ምስር በላን። ሚያዝያም ምስር።
የሱቁ በር ደወል፣ ያቺ ትንሽ ነሐስ፣
ዛሬም ትናፍቀኛለች፤ ይህንንም አልደብቅም።

ሙያውን ያስተማረችኝ ኤሩንዲና፣ ነፍሷን ይማር፣
ገና ጣቴ ሳይደነድን እንዲህ ትለኝ ነበር፦
«መረብ ክር እንዳይመስልሽ፤ ክርማ በገንዘብ ይገዛል፣
መረብ ቀዳዳው ነው። ምን እንደሚያሳልፍ የሚያውቅ ይገዛል።
ዐይኑ ከጠበበ ጭቃውን፣ ጠጠሩን፣ ጫጩቱን ሁሉ ይይዛል፤
ጀልባው ይሞላል፤
ከዚያ ባሕሩ ጀልባውን ይይዛል።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማኋት።
የሰማኋት ግን ባንኮኒው ላይ ያን ገመድ ሳይ ነው።

አሁን ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከመቀሱ ሥር፤
በቀን አንድ ጊዜ እጠይቀዋለሁ፣ እንደ ታማሚ ዘመድ።
በሩ ክፍት ነው። ነፋሱ በአንዱ ዐይን ገብቶ በሌላው ይወጣል፣
መረቡም አይከለክለው።

ሮኬ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።
ለምን እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም።
በተረፉት ጣቶቹ መርፌው ላይ ክር ይጠመጥምልኛል፤
እኔ እቋጥራለሁ፣
እሱ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትተዋል፤
ከጠና ወደሚቀጥለው።

ትናንት አንዱ ላላ።
ዝም ብሎ መለሰልኝ።
ዝም ብዬ እንደገና ቋጠርሁ።